ሰዓትዎ የራሱ የስልክ መስመር ያስፈልገዋል?

ጥያቄው የመጣው ከለገጣፎ ነው። ጠያቂዋ እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ወንድሜ ከቨርጂኒያ አፕል ዋች ላከልኝ። ሴሉላር ያለው፣ ያለ ስልክም የሚደውል ነው ይላል። እኔ በሳምንት አራት ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቼ ወደ ለገዳዲ በሚወስደው መንገድ እሮጣለሁ። አይፎኔን ይዤ መሮጥ አልወድም፤ ይከብዳል፣ ለሌባም ያጋልጠኛል። ባለቤቴ ደግሞ ስልክ ሳልይዝ መውጣቴ ያሳስበዋል። ወንድሜ ‹እዚህ በእኔ መስመር ላይ አስጨምሬ በየወሩ እከፍልልሻለሁ› ብሏል። ልቀበለው? ወይስ እዚሁ መስመር ላውጣለት? የ9 ዓመት ልጄም በትምህርት ቤት ሰርቪስ ስለሚመላለስ ለእሱም ሰዓት ልገዛለት አስቤአለሁ።»

መልሴን አስቀድሜ ልንገርዎ። ለእርስዎ ሰዓት መስመር አያስፈልገውም። ለልጅዎ ግን ያስፈልገዋል፤ ሰዓቱ ግን ሌላ ዓይነት ይሆናል። ከአያት አደባባይ ወዲያ ባለችው ሱቄ ስልክና ሰዓት ስጠግን ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ያነሳብኛል። ብዙዎቹ የሚመጡት ገንዘባቸውን ከከፈሉ በኋላ በመሆኑ፣ እርስዎ ሳይከፍሉ መጠየቅዎ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

መጀመሪያ ሰዓቱን ይመልከቱት። በጎኑ ላይ ያለችው የምትሽከረከር ቁልፍ ቀይ ቀለበት ወይም ቀይ ነጥብ ካላት፣ ወንድምዎ እንዳሉት ሴሉላር ያለው ነው። ቀይ ምልክት ከሌላት ብዙውን ጊዜ ጂፒኤስ ብቻ ያለው ስለሚሆን የመስመር ጉዳይ እዚሁ ያበቃል።

እንዲህ ያለው ሰዓት ከዓለም ጋር የሚገናኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉት። አንደኛው ከስልክዎ ጋር በብሉቱዝ ነው፤ ይህ እስከ 10 ሜትር ገደማ ይሠራል። ሁለተኛው ዋይፋይ ነው። ሦስተኛው የራሱ መስመር ነው። ሰዓቱ ሁልጊዜ የሚጀምረው ከመጀመሪያው ነው፤ ስልክዎ ቦርሳዎ ውስጥ ካለ ጥሪውም መልእክቱም በስልኩ በኩል ያልፋል፣ የሰዓቱ መስመር ባትሪ ለመቆጠብ ተኝቶ ይቆያል። ስለዚህ በየወሩ የሚከፈልበት መስመር የሚሠራው ስልክዎ አጠገብዎ በሌለበት፣ ዋይፋይም በማይደርስበት ሰዓት ብቻ ነው። ያ ሰዓት በእርስዎ ሕይወት ውስጥ ምን ያህል ነው? ሊቆጠር የሚገባው እሱ ነው።

ይህን በራሴ ላይ ሞክሬዋለሁ። ሲም የሚገባበት አንድ ሰዓት አስሬ፣ የተለየ ቁጥር አውጥቼለት ሁለት ሳምንት ቆየሁ። ስልኬ ከእኔ ተለይቶ በቆየ ቁጥር በማስታወሻ ደብተር ጻፍኩ። በሁለቱ ሳምንታት ውስጥ የተጻፈው አራት መስመር ብቻ ነበር። ሁለቱ ገላዬን ስታጠብ፣ አንዱ ስልኩን ሱቅ ረስቼ ቤት ስሄድ፣ አንዱ ደግሞ ጎረቤት ለቅሶ ስደርስ ነው። ከአራቱ በአንዱም ጊዜ የተደወለልኝ ጥሪ አልነበረም። እርስዎም አንድ ሳምንት እንዲህ ይመዝግቡ። እስከዚያው ግን የጻፉልኝን ይዤ ላስላው፦ በአራት ቀን ሩጫ፣ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ቢሆን፣ 200 ደቂቃ ነው። ሳምንቱ 10,080 ደቂቃ አለው።

በእነዚያ 200 ደቂቃዎች ውስጥስ ከሰዓቱ የሚፈልጉት ምንድን ነው? እዚህ ላይ ደንበኞቼ ሁሉ የሚሳሳቱበት ነገር አለ። ብዙ ሰው ጂፒኤስ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራ ይመስለዋል። ሰዓቱ የሳተላይቶቹን ምልክት በቀጥታ ከሰማይ ይቀበላል፤ ለዚህ ሲምም፣ ጥቅልም፣ ክፍያም አያስፈልግም። የሮጡት ርቀት፣ ፍጥነትዎ፣ የልብ ምትዎ፣ በሰዓቱ ላይ አስቀድመው የጫኑት መዝሙር ወይም ሙዚቃ ሁሉ ያለ መስመር ይሠራል። ቤት ሲመለሱ ሰዓቱ አይፎኑን ሲያገኝ የሮጡበትን መንገድ በካርታ ያሳይዎታል። አንድ ነገር ብቻ ያስተውሉ፤ ስልክ አጠገቡ በማይኖርበት ጊዜ ሳተላይቶቹን ለማግኘት ትንሽ ሊቆይ ይችላል። ከግቢ ወጥተው ሰማዩ በደንብ በሚታይበት ቦታ አንድ ደቂቃ ያህል ቆመው እንቅስቃሴውን ያስጀምሩት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ጥቂት መቶ ሜትር ተዛብቶ ይመዘገባል።

እንግዲህ የቀረው የባለቤትዎ ስጋት ነው። እሱ ደግሞ እውነተኛ ስጋት ነው፤ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ መንገድ፣ ውሻና ጅብ ባለበት አካባቢ ብቻዎን ሲወጡ አንድ ሰው ሊያገኝዎ ይገባል። ጥያቄው የሰዓቱ መስመር ይህን ስጋት ያቃልላል ወይ የሚል ነው። እኔ አያቃልልም እላለሁ።

የወንድምዎን ሐሳብ እንየው። ፍቅራቸው ግልጽ ነው፤ ነገር ግን አፕል ዋች በራሱ መስመር ሲሠራ የተጣመረበት አይፎንና ሰዓቱ የአንድ ኩባንያ ደንበኞች መሆን አለባቸው። የእርስዎ አይፎን እዚህ ባለ ቁጥር ይሠራል፤ ሰዓቱ በቨርጂኒያ መስመር ሊሠራ አይችልም። የአሜሪካ ኩባንያዎች ለሰዓት መስመር በብዛት የሚያስከፍሉት በወር 10 ዶላር ገደማ ነው፤ በዓመት 120 ዶላር ለማይሠራ ነገር ይከፍላሉ ማለት ነው። እባክዎ ዛሬውኑ ይደውሉላቸውና ያስቁሟቸው።

እዚሁ መስመር ማውጣትስ? አፕል ዋች ሲም ካርድ የሚገባበት ቦታ የለውም፤ የሚሠራው በኢሲም፣ ማለትም መሣሪያው ውስጥ አብሮ በተሠራና ካርድ በማያስፈልገው ሲም ብቻ ነው። ብዙ ሰው «ኢሲም እኮ እዚህም አለ» ብሎ ይሄዳል። ለስልክ ኢሲም መስጠትና የስልኩን ቁጥር ለሰዓት ማጋራት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያው አንዱን ቁጥር ከሁለት መሣሪያ ጋር የሚያያይዝ የራሱ ሥርዓት ሊኖረው፣ ከሰዓቱ አምራች ጋርም ሊስማማ ይገባል። አፕል ይህን የሚደግፉ ኩባንያዎችን በየአገሩ ዘርዝሮ ያወጣል። የራሱ መስመር የሚወጣለት የሳምሰንግ ሰዓት፣ ጋላክሲ ዋች ኤልቲኢም እንዲሁ የራሱ ዝርዝር አለው። ስለዚህ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሲሄዱ «ኢሲም አላችሁ?» ብለው አይጠይቁ፤ «አይፎኔ ላይ ያለውን ቁጥር በአፕል ዋቼ ላይ ታሠሩልኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱ «አዎ» ካልሆነ፣ ወይም የኩባንያው ስም በአምራቹ ዝርዝር ውስጥ ከሌለ፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ይህን ማንም ጠጋኝ በሶፍትዌር ሊከፍተው አይችልም። «እኔ እከፍትልሻለሁ» የሚልዎ ሰው ቢያጋጥምዎ ገንዘብዎን ይያዙ፤ በዚህ ሰበብ የተታለሉ ሰዎች ሱቄ መጥተው ሲያዝኑ ማየት ያመኛል።

ተሳክቶ መስመሩ ቢወጣ እንኳ ሌላ ችግር ይጠብቅዎታል። የሰዓት አንቴና በጣም ትንሽ ነው። ከከተማ ስንርቅ የኔትወርክ ማማዎቹ ይራራቃሉ፤ ሰዓቱ የራቀውን ማማ ለመድረስ ኃይሉን ይጨምራል፣ ይሞቃል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። የመጀመሪያው ሴሉላር አፕል ዋች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የወጣው ሲሪስ 3 ነበር፤ አምራቹ ራሱ ያወጣው አኃዝ በስልክ በኩል ሲነጋገሩበት 3 ሰዓት፣ በራሱ መስመር ሲነጋገሩበት ግን 1 ሰዓት ነበር። አዲሶቹ ተሻሽለዋል፤ ልዩነቱ ግን እንዳለ ነው። አንድ ቀን አይፎኑን ይዘው በሚሮጡበት መንገድ ይሂዱና የኔትወርክ ምልክቱን እያዩ ይጓዙ። አይፎኑ አንድ ዘንግ ብቻ በሚያሳይበት ቦታ ሰዓቱ ያገናኘኛል ብለው አይመኑ። ሲወድቁ ለቤተሰብ የሚያሳውቀው አገልግሎትም ቢሆን ስልክ፣ ዋይፋይ ወይም የራሱ መስመር ከሌለው ለቤተሰብ መልእክቱን ማድረስ አይችልም።

ታዲያ ምን ያድርጉ? አንድ ትንሽ ቁልፍ ያለው ስልክ ይግዙ፤ የንክኪ ያልሆነውን፣ ቀላሉን። በተለየ ሲም በወገብ ቀበቶ ውስጥ ይዘውት ይሩጡ። ክብደቱ አይሰማዎትም፣ ሌባም አይመኘውም፣ ባትሪው ቀናትን ይቆያል፣ አንቴናውም ከሰዓቱ እጅግ የተሻለ ነው። ቁጥሩን ባለቤትዎና አንድ ጎረቤት ብቻ ይወቁት። የአይፎኑ ጥሪዎችም እንዲደርሱዎ ከፈለጉ ከመውጣትዎ በፊት በአይፎኑ ላይ **21* ብለው የትንሹን ስልክ ቁጥር አስከትለው # ይደውሉ፤ ሲመለሱ ##21# ብለው ያጥፉት። የተላለፈው ጥሪ ሂሳብ በእርስዎ ላይ ስለሚቆጠር ማጥፋቱን አይርሱ። ቅድመ ክፍያ ሲም ስለሆነ በየወሩ የሚታሰር ዕዳ የለበትም፤ ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ከቆየ ግን ቁጥሩ ሊዘጋ ስለሚችል አልፎ አልፎ ካርድ ይሙሉለት።

በግቢ ውስጥ ከሆኑ ደግሞ ዋይፋዩ ብዙ ነገር ይሸፍንልዎታል። አይፎኑ ቤት ውስጥ ቻርጅ ላይ ሆኖ እርስዎ ጓሮ ቢሆኑ፣ ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ላይ እስካሉ መልእክትና ማሳወቂያ ይደርስዎታል። የቆየ ሰዓት ከሆነ የሚያነበው የ2.4 ጊጋኸርዝ ዋይፋይን ብቻ ነውና ራውተሩ ይህን መክፈቱን ያረጋግጡ።

አንድ ማሳሰቢያ ሳልነግርዎ አላልፍም። ወንድምዎ ሰዓቱን ራሳቸው ለጥቂት ጊዜ እንኳ አስረውት ከነበረ፣ ከራሳቸው አይፎን ላይ ማላቀቅና ከአካውንታቸው መሰረዝ አለባቸው። ይህ ካልተደረገ ሰዓቱ የቀድሞ ባለቤቱን የይለፍ ቃል እየጠየቀ ይዘጋል። ከውጭ በስጦታ መጥተው እንዲህ የተዘጉ ሰዓቶች ሱቄ ሲደርሱ የማደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ላኪው ዘንድ አስደውዬ አሰርዛለሁ።

አሁን ወደ ልጅዎ ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የሳበው ይህ ነው። ከለገጣፎ በሰርቪስ የሚመላለስ የ9 ዓመት ልጅ የራሱ ስልክ የለውም። በሰዓቱ አጠገብ የሚሆን ስልክ ከሌለ ብሉቱዙ የሚይዘው ነገር የለም፤ ስለዚህ እዚህ መስመሩ ትርፍ ነገር አይሆንም። ለእሱ የሚሆነው ናኖ ሲም የሚገባበት የልጆች ሰዓት ነው፤ ከማንኛውም ስማርት ስልክ ላይ በመተግበሪያ ይመራል፣ ሲሙም እንደማንኛውም ሲም በሳምንት ወይም በወር ጥቅል ይሠራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጥቅሉን መተው ይችላሉ።

ሲገዙ የራስዎን ሲም ይዘው ይሂዱ። ገንዘብ ሳይከፍሉ ሲሙን ሰዓቱ ውስጥ አስገብተው ይደውሉ፣ ይደወልልዎ፣ ከሱቁ ወጥተው መንገድ ላይ ቆመው ካርታው የት እንደሚያሳይዎ ይዩ። ሲሙ የፒን ቁጥር የሚጠይቅ ከሆነ አስቀድመው በስልክ ላይ ያጥፉት፤ ሰዓቱ ፒን የሚያስገቡበት ቦታ ስለሌለው ዝም ይላል፣ ብዙ ሰውም «ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል። የሚደውሉለት እርስዎ የመዘገቧቸው ቁጥሮች ብቻ እንዲሆኑ ያድርጉ፤ በትምህርት ሰዓትም ሰዓት ከማሳየት ውጭ የማይሠራበትን ክፍለ ጊዜ ይሙሉለት፣ ከመምህሩም ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። አንዳንዶቹ ሰዓቶች ልጁ ሳያውቅ በዙሪያው ያለውን ድምፅ የሚያዳምጡበት ቁልፍ አላቸው። የጀርመን የቴሌኮም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 እንዲህ ያሉትን የልጆች ሰዓቶች ከገበያ አግዷል፤ የሌሎች ልጆችና የመምህራን ንግግርም በዚያ በኩል ይሰማልና። ይህ ያለውን አይግዙ ብዬ እለምንዎታለሁ።

ካርታውን ስለማንበብም ልንገርዎ፣ አለበለዚያ አንድ ቀን ያስደነግጥዎታል። ሰዓቱ ሳተላይት በሚያገኝበት ጊዜ ቦታውን በጥቂት ሜትር ልዩነት ያሳያል። ከሰርቪሱ የብረት ጣሪያ ሥር ወይም ክፍል ውስጥ ሲሆን ግን ሳተላይቱን ያጣና በአቅራቢያው ባለው የኔትወርክ ማማ ይገምታል። ማማዎች በተራራቁበት እንደ እኛ ባለ የከተማ ዳርቻ ይህ ግምት በመቶዎች ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊስት ይችላል። ልጁ ባልታሰበ ሰፈር ሆኖ ቢታይዎ አይደንግጡ፤ መጀመሪያ ይደውሉለት፣ ጥቂት ደቂቃ ቆይተውም ካርታውን እንደገና ያድሱ።

ባትሪውን በየማታው የሚሞላው ማን እንደሆነ ከአሁኑ ይወስኑ። የሰርቪሱን ሹፌርና የረዳቱን ቁጥር ደግሞ በራስዎ ስልክ መዝግበው ይያዙ፤ ልጁ ሰዓቱን ቻርጅ ላይ ረስቶት የሚወጣበት ጠዋት መምጣቱ አይቀርም።