አክሱምን ያፈረሳት ማን ነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። «አክሱምን ያፈረሰቻት ዮዲት ናት» ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። ያን የሚያህል ሥልጣኔ በአንድ ሰው ክንድ ይወድቃል? አባቴ የአሰብ መስመር ሹፌር ነበር። እሱ «ከተማ የሚሞተው መንገዱ ሲቀር ነው» ይላል። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ አብሽሪ የኔ ልጅ፣ አባትሽ ወደ እውነቱ ቀርበዋል።

ደሴ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ይህንኑ ይጠይቁኝ ነበር። እኔም ከሳንቲም እጀምርላቸዋለሁ። አክሱም የራሷን ገንዘብ ማተም የጀመረችው በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን፣ በ3ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው (የጥንቱን ዘመን የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው)። የወርቁ ጽሑፍ በአብዛኛው በግሪክኛ ነበር፤ የባሕር ማዶ ነጋዴ እንዲያነበው። በአንዳንዱ የነሐስ ሳንቲም ላይ ግን «ይህ ሀገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል አለ። ይቺን ጽሑፍ በጣም እወዳታለሁ። ሕዝቡ ምን ይላል ብሎ የሚያስብ ቤተ መንግሥት ነበር ማለት ነው።

የሳንቲሙ ሥራ በ7ኛው መቶ ዘመን ቆመ። ዮዲት ተነሳች የሚባለው ደግሞ በ10ኛው ነው። በመሃል 300 ዓመት ገደማ አለፈ። እሷ ስትደርስ ዋናው ነገር ካበቃ ቆይቷል።

ታዲያ ምን ሆነ? የአክሱም ጉሮሮ የቀይ ባሕር ወደቧ አዱሊስ ነበረች። የዝሆን ጥርሱ፣ የአውራሪስ ቀንዱ፣ የኤሊ ቅርፊቱ በዚያ ይወጣል። አፄ ካሌብ በ520ዎቹ ባሕር ተሻግረው የመንን ያዙ። ግማሽ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ፋርሶች የመን ገቡ። ቀጥሎ ግብፅና ሶርያ ከቢዛንታይን እጅ ወጥተው በዓረቦች ሥር ሆኑ። የቀድሞው ደንበኛ ሁሉ ተበተነ። በ8ኛው መቶ ዘመን ባግዳድ ስትቆረቆር የሕንድ ዕቃ ይበልጥ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ አዘነበለ። ይህን ሁሉ ያደረገ አንድም ወራሪ አክሱም ከተማ አልገባም።

አባትሽ ይህን በዓይናቸው አይተውታል። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ተዘጋ። የጅቡቲው ጭነት አብዛኛው በአዋሽና በሚሌ መሄድ ጀመረ። ሚሌ፣ ባቲ፣ ኮምቦልቻ ሲል የነበረው ተሳቢ ቀነሰ። ጋራዡና ምግብ ቤቱ ምን እንደሆነ እሳቸውን ጠይቂያቸው። ኮምቦልቻ ግን ፋብሪካም ሌላም መንገድ ስላላት ቆመች። አክሱም ያጣችው እንዲህ ያለውን ሁለተኛ በር ነው ብዬ አምናለሁ።

የአፈሩን መታጠብና የደኑን መመናመን የሚጨምሩ ምሁራን አሉ፤ በክብደቱ ላይ ግን አይስማሙም። እኔ ከዝናቡ ይልቅ ገዢውን ነው የማየው። በ1966 ልጅ ነበርኩ። ከገጠር የተፈናቀለው ሕዝብ ደሴ መንገድ ዳር ተኝቶ አይቻለሁ፤ እናቴ ንፍሮ ቀቅላ ታድል ነበር። መንግሥት ረሃቡን ደብቆ ከረመ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ዘውዱን የጣለው ድርቁ ብቻ አልነበረም፤ ወሎ እየሞተ ዝም መባሉ ሰውን አንገሸገሸው።

ደግሞ ዙፋን ወደቀ ማለት ሕዝብ ጠፋ ማለት አይደለም። የአክሱም ፊደል፣ ዜማና እምነት ወደ ደቡብ ወረደ፤ ላስታ ደረሰ፣ አማራ ሳይንት ደረሰ። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ሐይቅ እስጢፋኖስ ላይ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩት በዚያው ግዕዝ ነው። ሐይቅ ደግሞ ከደሴ ቅርብ ነው፤ አባትሽን ይዘሽ ሂጂ።