ፕላኑ ሳይጸድቅ የሰፈር ሰው ምን ያድርግ? ጥያቄና መልስ ከደሴ

ባለፈው የቅሬ፣ ማለትም የእድራችን፣ ስብሰባ ስለ ከተማ ፕላን ተነሥቶ ስልኬ እስካሁን አላረፈም። በሰፈራችን የፕላን ኮሚቴ ውስጥ ዓመታት በፈቃደኝነት ሠርቻለሁ። ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም፣ ኩርፊያ ግን በሽ ነው። የጠየቃችሁኝን እዚሁ ልመልስ።

ጋሼ፣ መሬት የመንግሥት ነው ይባላል። ታዲያ እኛ ምን አገባን?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። ሰው ሁሉ ሁለተኛዋን ቃል ይዘላታል። ደግሞም የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000፣ ረቂቅ ፕላን ሳይጸድቅ በፊት ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። ስለዚህ መጥታችሁ ስትጠይቁ ውለታ እየለመናችሁ አይደለም።

መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን ምንና ምን ናቸው?

መዋቅራዊው የከተማውን ሁሉ አጥንት ያሳያል። ከተማው ወዴት ይደግ፣ ኢንዱስትሪው የት ይሁን፣ ዋናው መንገድ በየት ይለፍ፣ ይሄን ይላል። ዕድሜው 10 ዓመት ነው። የአካባቢ ልማት ፕላን ግን ደጃችሁ ድረስ ይመጣል። የሕንፃው ከፍታ፣ የውስጥ መንገዱ፣ የመሬቱ ሽንሸና ሁሉ እዚያ ላይ ነው። ብዙ ሰው የሚጮኸው ግሬደር ሲያይ ነው። ያኔ ወረቀቱ ካለቀ ቆይቷል። ጩኸት ካላችሁ ለረቂቁ አስቀምጡት።

ካርታ ማንበብ አንችልም፣ እንዴት እንከራከር?

መጀመሪያ ስም እንለይ። እዚህ አገር «ካርታ» ሲባል ሰው ሮጦ የይዞታ ማረጋገጫውን ከሳጥን ያወጣል። እኔ የማወራው ስለ ፕላኑ ሥዕል ነው። በአብዛኛው ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ቦታ ነው። ማብራሪያው ጥግ ላይ ስላለ እሱን አስቀድሙ። ከዚያ መስጊዱን ወይም ቤተ ክርስቲያኑን ፈልጉ፣ ከእሱ ተነሥታችሁ በጣት ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ልጆች ከእኛ ይፈጥናሉ፣ አንድ ተማሪ ይዛችሁ ኑ።

ቅሬና ፕላን ምን አገናኛቸው? ቅሬ ለቀብር አይደለም እንዴ?

ለቀብር ስለሆነ ነው የሚያገናኛቸው። አንድ ጊዜ ረቂቅ ሲቀርብ፣ ከመስጊዱ ጀርባ ያለችው ቅያስ ስድስት ሜትር ተብላ ተሥላ አየን። የቅሬ ዳኛችን ከኋላ ተነሡና «በዚያች መንገድ ቃሬዛ አልፎ አያውቅም» አሉ። ሰው ሳቀ። መሐንዲሱ ግን አልሳቀም።

በማግሥቱ አብረን ወረድን። ሜትር ዘረጋን። ከአጥር እስከ አጥር 2 ሜትር ከ10 ሳንቲም። ኩርባው ላይ ደግሞ የአንድ ቤት ግንብ ወደ መንገዱ ገፍቶ ወጥቷል፣ ቃሬዛ የተሸከመ ሰው አይዞርባትም። እኛ ሁሌ በላይኛው መንገድ ዞረን ነው ቀብር የምናወጣው። ልማድ ሆኖብን እንጂ ችግር መሆኑን እንኳ ረስተነዋል። ቃሬዛ ካልዞረ አምቡላንስ አይዞርም፣ የእሳት አደጋ መኪናማ አይታሰብ።

እንስፋ ቢባል አምስት ግቢ ይነካል። ብዙ ተጨቃጭቀን ቅያሷ የእግረኛ ሆና እንድትቀር፣ የመኪናው መስመር በላይኛው እንዲያልፍ ጻፍን። ተቀበሉን። ቅሬያችን እስላምም ክርስቲያንም ያለበት ነው፣ መዝገቡ በየግቢው ስንት አባወራ እንዳለ ያውቃል። አንድ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ እንዳለ ከላይ የተነሣ ፎቶ አያሳይም።

እኛ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ነን። ክረምት ሲመጣ ውሃው ቤት ይገባል። ይሄም የፕላን ነገር ነው?

ዋናው እሱ ነው እንጂ! ደሴ ተዳፋት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከላይ የተዘጋ ቦይ ከታች ያለውን ቤት ይመታል። የመሬት መንሸራተትም እንግዳችን አይደለም። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ወጥታችሁ ውሃው የሄደበትን በኖራ አመልክቱ፣ በስልክ ፎቶ አንሡ። ቀኑንና ሰዓቱን ጻፉ። በበጋ መጥቶ ለሚለካ ባለሙያ ከዚህ የበለጠ ስጦታ የለም። የውሃ መውረጃ ላይ ቦታ ልንመራ ነው ቢባል ፎቶው ይመልስላችኋል።

የልጆች ኳስ ሜዳ ለጨረታ ሊወጣ ነው አሉ። እውነት ነው?

«አሉ» ይዛችሁ አትምጡ። በጸደቀው ፕላን ሜዳው በምን ቀለም እንዳለ ጠይቁ። ለስፖርት ወይም ለአረንጓዴ ቦታ ተብሎ ከሆነ አገልግሎቱ የሚቀየረው ፕላኑ በሥርዓቱ ሲሻሻል ነው። የማሻሻያው ወረቀት የት አለ በሉ። ቀዩ ውስጥ ከገባ ግን ከባድ ነው፣ አልዋሻችሁም።

ስብሰባ ላይ እንናገራለን፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አናገኘውም።

እኔንም ገጥሞኛል። አንዱ ቢሮ ውስጥ ሁለት ሰዓት የተናገርነው «ነዋሪው ፕላኑን በሙሉ ድምፅ ደግፏል» ሆኖ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በአፍ አልናገርም። አንድ ገጽ ጽፋችሁ፣ ፈርማችሁ፣ መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቁጥሩን በቅጂው ላይ አስጽፉ። ከአንድ ገጽ በላይ ማንም አያነብም።

ስብሰባ ሁሌ ጠዋት ነው፣ እኛ ሴቶቹ አንደርስም።

እውነት ነው። ሰኞ ገበያ ነው፣ ዓርብ ጁምዓ ነው፣ እሑድ ቅዳሴ ነው። እኛ ቅዳሜ ከሰዓት አድርገነው ሴቶቹ ከወንዶቹ በለጡ። ውሃ የት እንደሚቋረጥ፣ የትኛው መንገድ በማታ እንደሚያስፈራ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

ጨረቃ ቤት የሠሩ ጎረቤቶች አሉን። እናጋልጥ ወይስ ዝም እንበል?

የኮሚቴ ሥራ ጥቆማ አይደለም። ውሃ መውረጃ የዘጋውን ግን ራሱን አነጋግሩት፣ ሽማግሌ ይዛችሁ።

ለልማት ትነሣለህ የሚል ደብዳቤ ደርሶኛል። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ የደረሰህን ቀን ጻፍ፣ ፖስታውንም አትጣል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ለአቤቱታ የሰጠው 30 ቀን ነው። ቀኑ ሰው አይጠብቅም። የሕግ ሰው ዛሬውኑ አማክር፣ እኔን እስከ ቅዳሜ አትጠብቀኝ።

ኮሚቴው ውስጥ ልግባ፣ ምን ይዤ ልምጣ?

ደብተርና ሜትር። ጫማህ ጭቃ የሚችል ይሁን፣ በታችኛው ቅያስ ነው የምንጀምረው።