ኪሎ መቀነስና መልሶ መጨመር፦ የሱሉልታው ፊዚዮቴራፒስት ይመልሳል

ከሰንዳፋ፦ ጋሼ፣ ከውድድር በኋላ ሳርፍ አምስት ኪሎ እጨምራለሁ፤ በሦስት ሳምንት አወርደዋለሁ። በዓመት ሁለቴ ነው። ይጎዳል?

መልስ፦ ይጎዳል። መጀመሪያ የሚወርደው ስብ አይደለም። ጡንቻ ውስጥ ለጉልበት የተከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን፣ በእያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይይዛል፤ ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። ሚዛኑ ያስደስትሃል፣ የእንጦጦ ዳገት ላይ ግን እግርህ ይከዳሃል። ረሃቡ ሲቀጥል ጡንቻህም ይቀንሳል፣ የታይሮይድ ሆርሞን ይወርዳል፣ ጥጋብን የሚነግረው ሌፕቲንም እንዲሁ። ስለዚህ እንደገና ስትበላ ስቡ ቶሎ ይመለሳል፣ ጡንቻው ይዘገያል። ከ1920 እስከ 1965 (እ.ኤ.አ.) ፊንላንድን የወከሉ ስፖርተኞች ተጠንተው ነበር፤ ለኪሎ ሲሉ ይከሱ የነበሩት ቦክሰኞች፣ የትግል ስፖርተኞችና ክብደት አንሺዎች በጎልማሳነታቸው ከሌሎቹ ይበልጥ ወፍረዋል።

ከለገጣፎ፦ ስንት ኪሎ ብሆን ይሻለኛል?

መልስ፦ ቁመትህን አልነገርከኝ፣ ርቀትህን አልነገርከኝ። እንዲህ አይጠየቅም።

ከቡራዩ፦ ቦክሰኛ ነኝ። ለሚዛን ሁለት ኪሎ ቀርቶኛል፤ ላስቲክ ለብሼ ብሮጥስ?

መልስ፦ አታድርገው! ላብ ስብ አይደለም። በ1997 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ሦስት የኮሌጅ የትግል ስፖርተኞች በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የሞቱት በዚህ መንገድ ኪሎ ሲቀንሱ ነው። ከፍ ባለው ምድብ ተጋጠም።

ሌላ አባል፦ የሚያከሳን ጾሙ ነው። ሁዳዴ ላይ ሁላችንም እናልቃለን።

ከሱሉልታ፦ ጾሙን ተወው! ጾመው ያሸነፉ ስንት ናቸው? የሚጎዳን የፋሲካው ሥጋ ነው።

ሌላ አባል፦ ማለዳ ሠርተህ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድህን ስትውልስ?

መልስ፦ እዚህ ክርክር ውስጥ አልገባም። የሚጾም ከባድ ልምምዱን ወደ መብያው ሰዓት ያስጠጋ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ በሶ ሳይቆጥብ ይብላ።

ከለገጣፎ፦ እሺ፣ በግምት ስንት ኪሎ?

መልስ፦ መልሻለሁ።

ከሱሉልታ፣ ሴት ሯጭ፦ ስከሳ የወር አበባዬ ይቀራል። አሰልጣኜ «ለሯጭ ያለ ነው» ይለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ብዙ ሯጭ ላይ ስለሚታይ ጤና ነው ማለት አይደለም። የምትበዪው የምትሮጪውን ሳይችል ሲቀር ሰውነት መጀመሪያ የሚያቋርጠው መውለጃውን ነው። ኤስትሮጅን የሚባለው የሴት ሆርሞን ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፤ ቅልጥምና የእግር አጥንት ይሰነጠቃል። በወጣትነት ያልተገነባ አጥንት ደግሞ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይተካም። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ይህ የምግብ ጉድለት ወንዶችንም እንደሚያጠቃ አስታውቋል፤ ወንዶች፣ እናንተም ስሙ። የወሊድ መከላከያ ክኒን ወስደሽ ደም ቢመጣ አጥንትሽ ዳነ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ምግብና እረፍት ነው።

እሷው፦ ስንት ወር ሲቀር ነው ሐኪም የሚታየው?

መልስ፦ ሦስት።

እሷው፦ አምስት ሆኖኛል።

መልስ፦ ነገ ሂጂ። የአጥንት ጥንካሬ ምርመራና በደምሽ ያለውን የአይረን (የብረት ማዕድን) መጠን ምርመራ ጠይቂ። እስኪነግሩሽ ድረስ አስፋልት ላይ አትሩጪ።