ለአሮጌ ቶርኖ ዕቃ ከመግዛት በፊት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያለኝ ቶርኖ (ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ማሽን) የእንግሊዙ ማይፎርድ ኤምኤል7 ነው። አንድ ሰው ከአሜሪካው ባለ 9 ኢንች ሳውዝ ቤንድ ቶርኖ የወጣ ቻክ (የሚቀረጸውን ብረት በመንጋጋ የሚይዝ ዕቃ) በርካሽ እሰጥሃለሁ አለኝ። ልግዛው?

መልስ፦ እንዳለ አይገጥምም። የማይፎርድህ እንዝርት አፍንጫ፣ ማለትም ቻኩ የሚጠመጠምበት የሚዞረው ዘንግ ጫፍ፣ ውፍረቱ 1⅛ ኢንች፣ ፊሌቶው (የቡሎን ዓይነት ጥርሱ) በኢንች 12 ነው፤ የሳውዝ ቤንዱ ደግሞ 1½ ኢንች፣ በኢንች 8። ሆኖም ቻኩን ገልብጠህ ጀርባውን ተመልከት። ፊሌቶው ያለበት ሰሌዳ በቡሎን የታሰረ ከሆነ ፈትተህ ታወጣዋለህ፤ በምትኩ ለማይፎርድ ፊሌቶ የወጣለት ጥሬ ሰሌዳ ገዝተህ በራስህ ቶርኖ ላይ ፊቱን ትቀርጸዋለህ። በሚሠራበት እንዝርት ላይ ስለተቀረጸ ሳይወላገድ ይዞራል። ፊሌቶው በቻኩ አካል ላይ ከሆነ ግን ብርህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ባለ ሦስት መንጋጋ ይሻላል ባለ አራት?

መልስ፦ ባለ አራት። ሦስቱ አብረው ስለሚሄዱ ይፈጥናሉ፤ ሲያረጁ ግን መሐሉን ይስታሉ። አራቱ ለየብቻ ስለሚጠብቁ በመለኪያ እያየህ ታስተካክላለህ።

ጥያቄ፦ ማሽኔ በኢንች የሚሠራ ነው። የሚሊሜትር ፊሌቶ ለማውጣት ምን ልግዛ?

መልስ፦ ባለ 127 ጥርስ ማርሽ ይግዙ። 5 ኢንች ልክ 127 ሚሊሜትር ነው፤ 127 ደግሞ ለሌላ ቁጥር ስለማይካፈል ያነሰ ማርሽ የሚሰጥዎት ተቀራራቢ ልክ ብቻ ነው። ትልቅ ስለሆነ ሽፋኑ ውስጥ መግባቱን አስቀድመው ይለኩ። ሥራው ከተጀመረ በኋላ መሪውን ጠመዝማዛ (ቢላውን የሚነዳውን ረጅም ዘንግ) የሚይዘውን ግማሽ ዳዶ አይክፈቱ፤ የነበረበት ቦታ ይጠፋብዎታል። ስለዚህ በየዙሩ ቢላውን ከሥራው አርቀው እንዝርቱን ወደ ኋላ መመለስ ግድ ነው። አሮጌ ቶርኖ የሚበቀለው እዚህ ላይ ነው! ቻኩ በፊሌቶ የተጠመጠመ ስለሆነ ሞተሩ በድንገት ወደ ኋላ ካዞረው ተፈትቶ አልጋው ላይ ይወድቃል። ከተቀጥላ ሁሉ የምወደው ርካሹን፣ በእንዝርቱ የኋላ ቀዳዳ ገብቶ የሚጠብቀውን የእጅ መዘውር ነው። ወደ ፊትም ወደ ኋላም በእጅ። መዘውሩ እንደገባ ሞተር ማስነሳት ግን እጅ ያሳጣል፤ ሶኬቱን ይንቀሉ።

ጥያቄ፦ ቻኩ አልፈታ ብሎኛል። ማርሾቹን እርስ በርስ አጣብቄ ልታገለው?

መልስ፦ በፍጹም! እኔ ሁለት ጥርስ ሰብሬ ነው የተማርኩት። ዘይት አጠጥተህ አሳድረው። በማግስቱ ወፍራም ባለ ስድስት ማዕዘን ብረት በመንጋጋዎቹ አስረህ፣ ረጅም ቁልፍ አግባበትና የቁልፉን ጫፍ ቻኩ በሚፈታበት አቅጣጫ አንዴ ጠንከር አድርገህ ምታው።