አለቃዬ «ሴጁለስ» አሉኝ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሥራ ልቀይር ብዬ አለቃዬን የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅኳቸው። በእንግሊዝኛ ጻፉልኝ። አንድ ቦታ ላይ «ሴጁለስ ሠራተኛ ናት» ይላል። ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ጓደኛዬ «ከስኬጁል የመጣ ነው፤ ሰዓት አክባሪ ማለት ነው» አለችኝ። እውነት ነው? ደብዳቤውን ላስገባው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ያስገቡት እንጂ! ዛሬውኑ ያስገቡት። አለቃዎ ትልቅ ነገር ነው የጻፉልዎ።

ጓደኛዎን ያሳታት የድምፁ መመሳሰል ነው። ስኬጁል የመጣው «ስኬዱላ» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ወረቀት ማለት ነው። ከሴጁለስ ጋር ዝምድና የላቸውም።

መዝገበ ቃላት ሴጁለስን «ትጉህ» ብሎ ያልፈዋል። ልክ ነው፤ ግን ውበቱ ያለው ሥሩ ላይ ነው። በላቲን «ሴ» ማለት ያለ፣ «ዶሉስ» ማለት ደግሞ ማታለል፣ ተንኮል ነው። «ሴ ዶሎ» ሲሉ ያለ ማታለል ማለታቸው ነው። ሁለቱ ገጥመው «ሴዱሎ» ሆኑ፤ ከልብ እንደማለት። «ሴዱሉስ» የሚለው ቅጽል ከዚያ ወጣ። እንግሊዝኛ የወሰደው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። «ዶሉስ» ብቻውን ዛሬም በሕግ ሰዎች አፍ አለ፤ ሆን ብሎ ማጥፋትን ይጠሩበታል።

ሮማውያን ትጋትን ከሐቀኝነት መውለዳቸው ሁሌም ይደንቀኛል። እንግሊዝኛ «አሲጁየስ» የሚል ሌላ ቃል አለው። እሱም ትጉህ ነው፤ ሥሩ ግን «መቀመጥ» ነው፤ ከሥራው አጠገብ የማይነሣ ሰው።

ሴጁለስ ሲባል እኔ የምትታየኝ አንዲት አብራኝ የሠራች አራሚ ናት። የስም ዝርዝር ሲመጣላት ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር ታስቀምጥና ከታች ወደ ላይ ታነባለች። «ከላይ ከጀመርኩ ዓይኔ የለመደውን ነው የሚያየው» ትል ነበር። ማንም አይቆጣጠራትም። ገጹ ወደ ማተሚያ ቤት ሊሄድ አሥር ደቂቃ ሲቀረው እንኳ ማስመሪያዋ አንድ መስመር አይዘልም።

ስለዚህ ወደ አማርኛ ልመልሰው ካሉ «ታታሪ» አልልዎትም። «ሥራዋን ከልቧ የምትሠራ» ይበሉ። ቃለ መጠይቅ ላይ ካነሡብዎ ደግሞ ሲጠሩት «ሴ» የሚለውን ጠበቅ ያድርጉት።