«የዘረመል ምልክት» ወይስ «የዘረመል መለያ»?

ጥያቄ፦ በምግብ ወለድ በሽታ ላይ የሥልጠና ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። ጀነቲክ ማርከር የሚባለውን «የዘረመል ምልክት» ብዬ ጻፍኩት። ባልደረባዬ ግን «ምልክት የሕመም ነው» ብላ ሰረዘችው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «ምልክት» ከአመለከተ ጋር ሥሩ አንድ ነው፣ በሰዋስው በኩል ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን በጤና ጽሑፍ ውስጥ «የሳልሞኔላ ምልክት» (ሳልሞኔላ በምግብ የሚተላለፍ ባክቴሪያ ነው) ሲባል አንባቢ ቶሎ የሚታየው ተቅማጥ፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ነው። «በሥጋው ላይ የሳልሞኔላ ምልክት ታየ» ካሉት ደግሞ ሥጋው ቀለሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ይመስለዋል። ይህ ሰው ያስጎዳል፤ ሳልሞኔላ ያለበት ሥጋ መልኩም ሽታውም ደህና ሊሆን ይችላልና።

እኔ «መለያ»ን እመርጣለሁ። ለየ ከሚለው ግስ የወጣ፣ እንደ መክፈቻና መቁረጫ ያለ የመሣሪያ ስም ነው፤ አንዱን ከሌላው የምንለይበት ማለት ነው። ኢንቭኤ የተባለው ዘረመል ሳልሞኔላ ወደ አንጀት ሕዋስ ሰብሮ እንዲገባ ይረዳዋል፤ ከሞላ ጎደል በሁሉም የሳልሞኔላ ዓይነቶች ስለሚገኝ ዲኤንኤን አባዝቶ በሚያሳየው የፒሲአር ምርመራ ይፈለጋል። መለያ ማለት ይህ ነው። «ጠቋሚ»ም ባልከፋ ነበር፤ ሆኖም በዚሁ ሙያ ኮሊፎርምን የመሳሰሉ፣ የንጽሕና ጉድለትን የሚያሳዩ ባክቴሪያዎች ጠቋሚ ስለሚባሉ ለእነሱ ይተውላቸው።

ከስሙ ይልቅ ግሱ ላይ ይጠንቀቁ። ፒሲአር የሞተ ባክቴሪያ ዲኤንኤንም ያገኛል። ስለዚህ «የሳልሞኔላ መለያ ዘረመል ተገኘ» እና «ሕያው ሳልሞኔላ ተገኘ» አንድ አይደሉም። ሁለተኛውን ለመጻፍ ባክቴሪያው በቅሎ መታየት አለበት፤ በተለመደው አሠራር 25 ግራም ናሙና በ225 ሚሊ ሊትር ማሳደጊያ ፈሳሽ ውስጥ በ37 ዲግሪ ሴልሺየስ 18 ሰዓት ያህል ካደረ በኋላ፣ ሌሎች ባክቴሪያዎችን ወደሚገታ ፈሳሽ፣ ከዚያም ወደ ባክቴሪያ ማብቀያ ሳህን ይዛወራል።

«አልተገኘም» እና «የለም»ም ይለያያሉ። በ2011 ጀርመን ውስጥ ከ50 በላይ ሰዎችን የገደለው ኢ. ኮላይ ኦ104፡ኤች4 የተባለ ባክቴሪያ፣ መርዝ የሚያሠራው ኤስቲኤክስ2 ዘረመል ነበረው፤ ብዙ አደገኛ ኢ. ኮላዮች ከአንጀት ግድግዳ የሚጣበቁበት ኢኤኢ ግን አልነበረውም። (መነሻው የበቀለ አብሽ እንደሆነ ነው የተደረሰበት።) ኢኤኢን ብቻ የሚፈልግ ምርመራ እንዲህ ያለውን ያልፈዋል። ስለዚህ «ምግቡ ኢ. ኮላይ የለውም» አይበሉ፤ የተፈለገውን ስም ጠርተው «በ25 ግራም ናሙና ውስጥ የኤስቲኤክስ2 መለያ አልተገኘም» ብለው ይጻፉ።