የገባር ወንዞች አገጣጠም ሙላትን እንዴት ይወስናል? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ስፋታቸው እኩል በሆነ ሁለት ተፋሰሶች ላይ እኩል ዝናብ ቢዘንብ፣ ወንዞቹ እኩል ይሞላሉ?

መልስ፦ አይሞሉም። ተፋሰሱ ክብ ከሆነ የገባሮቹ ርዝመት ስለሚቀራረብ ውሃቸው መውጫው ላይ የሚደርሰው በአንድ ጊዜ ነው፤ ሙላቱ ድንገተኛና ከፍተኛ ይሆናል። ተፋሰሱ ረጅምና ጠባብ ከሆነ ግን የታችኛው ገባር አሳልፎ ሲጨርስ የላይኛው ገና መንገድ ላይ ነው። የውሃው መጠን ያው ሆኖ ሙላቱ ዝቅ ይላል፣ ብዙ ሰዓትም ይቆያል።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ላይ የደረሰው ከዚህ ጋር ይያያዛል?

መልስ፦ አዎ። በከተማዋ መሃል የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ በአጫጭርና ቁልቁል ገባሮች ተሰብስቦ በሌሊት ከተማዋን መታ፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እንዲህ ባለ ወንዝ ዳር ከተማው ላይ ዝናብ መኖር አለመኖሩን አይቶ መተኛት አደገኛ ነው። መታየት ያለበት የላይኛው ተራራ ነው።

ጥያቄ፦ ባሮም ዓባይም የሚሞሉት በክረምት ነው። ታዲያ ባሮ ወርዶ የሚገባበት የደቡብ ሱዳኑ የሶባት ወንዝ ሙላት ለምን ይዘገያል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ዓባይ ሱዳን ጠረፍ ሲደርስ ከያዘው ውሃ ከጣና የወጣው 10 በመቶ አይሞላም። ቀሪው በሽሎ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ዲዴሳ፣ ዳቡስ፣ በለስና ሌሎችም የሚያመጡት ነው። ዋናው ወንዝ የሚወርደው በጥልቅ ሸለቆ ስለሆነ ውሃው የሚተኛበት ሜዳ የለውም። ስለዚህ ከሕዳሴ ግድብ በፊት በነበረው ፍሰት ካርቱም ላይ ሙላቱ የሚበረታው ነሐሴ ላይ ነበር።

ባሮ ግን ከጋምቤላ በታች ሜዳ ላይ ይወጣል። ዳርቻውን አልፎ ወደ ማቻር ረግረግ ይፈሳል፤ ከፊሉ እዚያው ይተናል፣ ከፊሉ ዘግይቶ ይመለሳል። የሶባት ሙላት ወደ ኅዳር የሚገፋው ለዚህ ነው። ተራራው ያፈጠነውን ውሃ ሜዳው ያዘገየዋል።

ጥያቄ፦ መለኪያ ጣቢያ የሌለው ወንዝ አለን። የጎረቤቱን ወንዝ ፍሰት በተፋሰሶቹ ስፋት አመጣጥኜ ብጠቀም ያስኬዳል?

መልስ፦ ለዓመታዊ መጠን፣ ዝናቡና አፈሩ ከተቀራረበ፣ ለግምት ይሆናል። ለድልድይ ግን በዚህ ብቻ አይተማመኑ። መጀመሪያ የሁለቱን ገባሮች በካርታ ላይ ያነጻጽሩ፦ ተዳፋታቸውን፣ የት እንደሚገጥሙ፣ መሃል ላይ ረግረግ ወይም ሐይቅ መኖሩን። ከዚያ የራሳችሁን ወንዝ በመጋቢትና በነሐሴ ጥቂት ጊዜ ለኩት፤ የድሮ ሙላት የት እንደደረሰም ዳር ላይ የኖሩ አዛውንቶችን ጠይቁ።